ይሄ ፕሮቲን ለምን እዚህ ቤተሰብ ገባ?

የፕሮቲን ቤተሰቦችን የሚይዝ ወይም የሚያሳይ አዲስ ሶፍትዌር ሳገኝ መጀመሪያ የምሞክረው አንድ ነገር አለ። ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ ፕሮቲን እመርጥና «ይሄ ለምን እዚህ ገባ?» ብዬ መልሱን መፈለግ እጀምራለሁ። ስኮሩ (ከቤተሰቡ ጋር የመመሳሰል ነጥቡ) ስንት ነው? ለመግባት የሚያስፈልገው ገደብስ? ገደቡን ያስቀመጠው ሰው ምን አይቶ ነው? አላይንመንቱ ላይ፣ ማለትም ዘመዳሞቹ በተደረደሩበት ሰንጠረዥ ላይ፣ የትኛው መስመር ነው? እየተጫንኩ እየተጫንኩ እዚያ ድረስ መሄድ ከቻልኩ ሶፍትዌሩ ይመቸኛል። ካልቻልኩ ግን ስዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር ብዙ አልቆይበትም።

ምክንያቴን ላስረዳ። ፕሮቲን የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። በብዛት የሚገኙት አሚኖ አሲዶች 20 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በአንድ ፊደል ይጻፋሉ፤ የፊደላቱ ተራ የፕሮቲኑ ቅደም ተከተል ይባላል። ከአንድ ጥንታዊ ፕሮቲን የወረዱትን አንድ ቤተሰብ እንላቸዋለን። ዝምድናቸው ግን ሁልጊዜ ፊት ለፊት አይታይም። ግሎቢኖችን ተመልከቱ። ጡንቻ ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘው የሰው ማዮግሎቢን 153 አሚኖ አሲዶች አሉት። ደም ውስጥ ያለው የሄሞግሎቢን አልፋ ሰንሰለት ደግሞ 141። ሁለቱን ጎን ለጎን ብትደረድሯቸው የሚገጥመው ፊደል ሩብ ገደማ ብቻ ነው። ቅርጻቸው ግን እጅግ ይመሳሰላል። በጥራጥሬ ተክሎች ሥር ላይ የሚገኘው ሌግሄሞግሎቢን ከሁለቱም ይበልጥ የራቀ ነው፤ እሱም ግን ዘመድ ነው።

ስለዚህ ሁለት ሁለቱን እያወዳደሩ ቤተሰቡን በሙሉ መሰብሰብ አይቻልም። የሚያዋጣው መንገድ ዘመዳሞቹን አንድ ላይ መደርደር፣ ተመሳሳይ ቦታ ያላቸው ፊደላት አንድ ዓምድ ላይ እንዲውሉ ማድረግ፣ ከዚያ ያንን አላይንመንት ወደ ስታቲስቲክስ ሞዴል መቀየር ነው። ሞዴሉ በየዓምዱ የትኛው ፊደል እንደሚበዛ፣ የት ላይ ክፍተት ወይም ጭማሪ እንደሚለመድ ይይዛል። ፕሮፋይል ኤችኤምኤም የሚባለው ይሄ ነው። የሾን ኤዲ ፕሮግራም ሃመር ሞዴሉን ይሠራል፣ በሞዴሉም ዳታቤዝ ይፈትሻል። ሦስተኛው ትውልዱ ከመጣ በኋላ ፍጥነቱ ቅደም ተከተሎችን ሁለት ሁለቱን ከሚያወዳድረው ከብላስት ፕሮግራም ጋር የሚቀራረብ ሆኗል። ከዚያ በፊት አንድን ሞዴል በትልቅ ዳታቤዝ ላይ ማስኬድ ትዕግሥት የሚፈትን ሥራ ነበር።

የፕሮቲን ቤተሰቦች ዳታቤዝ የሆነው ፒፋም የተገነባው በዚህ ላይ ነው። ኤሪክ ሶንሃመር፣ ሾን ኤዲና ሪቻርድ ደርቢን በ1997 ባወጡት ጽሑፍ ነው ያስተዋወቁት። ዛሬ ከ20,000 በላይ ቤተሰቦች አሉት። እኔን የሚማርከኝ ግን ብዛቱ ሳይሆን ገና ከጅምሩ ያደረገው አንድ ክፍፍል ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ሁለት አላይንመንት አለው። አንደኛው ሲድ ይባላል። ትንሽ ነው፤ ሰው ቁጭ ብሎ አይቶ፣ ጫፍና ጫፉን ቆርጦ፣ የተዛነፈውን አስተካክሎ ያጸደቃቸው ወኪል ቅደም ተከተሎች ብቻ ናቸው ያሉበት። ሁለተኛው ፉል ይባላል። ከሲዱ የተሠራው ሞዴል ዳታቤዙን ሲፈትሽ ያገኛቸው ሁሉ እዚያ ውስጥ በማሽን ይደረደራሉ። ሰው የሚነካው ሲዱን ብቻ ነው። ዳታቤዙ አሥር እጥፍ ቢያድግም ሲዱ ባለበት ይቆያል፤ ፉሉን ማሽኑ እንደገና ይሠራዋል።

ይሄ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ቁጥሩን ስታዩት ይገባችኋል። ማርጋሬት ዴይሆፍና ባልደረቦቿ በ1965 የታወቁትን የፕሮቲን ቅደም ተከተሎች በመጽሐፍ ሲሰበስቡ 65 ፕሮቲኖች ነበሩ። ያኔ ሁሉንም አንድ በአንድ ማየት ይቻል ነበር። ዛሬ ዩኒፕሮት በሚባለው የፕሮቲን ቅደም ተከተሎች ዳታቤዝ ውስጥ ያሉት በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። ከእነሱ መሃል ባለሙያዎች የገመገሟቸው፣ ማለትም ስዊስ-ፕሮት ውስጥ ያሉት፣ ከ500,000 ትንሽ ከፍ ቢሉ ነው። የሰው ዓይን የሚደርስበትና የማይደርስበት በግልጽ ካልተለየ ሥራው አይቻልም። እና ማንኛውም የዚህ ዓይነት ዳታ የሚይዝ ሶፍትዌር፣ የትልቅ ተቋምም ይሁን የአንድ ተማሪ፣ ይህንን ልዩነት በጉልህ ማሳየት አለበት ባይ ነኝ። የቱ በሰው ታየ፣ የቱ በማሽን ገባ? አንዳንድ መሣሪያዎች ሁለቱን አንድ ሰንጠረዥ ላይ ደባልቀው በአንድ ቀለም ያቀርቧቸዋል። እዚያ ላይ እኔ እምነት አጣለሁ።

አሁን ወደ ገደቡ ልምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

ሃመር ለእያንዳንዱ ግጥሚያ ሁለት ቁጥር ይሰጣል። አንዱ ኢ-ቫልዩ ነው፦ ይህን ያህል ጥሩ ግጥሚያ በአጋጣሚ ብቻ ስንቴ ሊገኝ ይችል ነበር? ሌላው ቢት ስኮር ነው፦ ቅደም ተከተሉ ሞዴሉን ምን ያህል ይመስላል? ብዙ ሰው ኢ-ቫልዩውን ብቻ ነው የሚያየው። ነገር ግን ኢ-ቫልዩ ከዳታቤዙ መጠን ጋር አብሮ ይለወጣል። ዳታቤዙ በእጥፍ ሲያድግ የዚያው ግጥሚያ ኢ-ቫልዩም በእጥፍ ያድጋል። ዛሬ ቤተሰቡ ውስጥ የነበረ ፕሮቲን እሱም ሞዴሉም ምንም ሳይለወጡ በሚቀጥለው ዓመት ውጪ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። ቢት ስኮር ግን ባለበት ይቆያል። ለዚህ ነው ፒፋም ገደቡን በቢት ስኮር የሚያስቀምጠው፤ ያውም ለሁሉም አንድ ዓይነት ሳይሆን ለየቤተሰቡ የራሱን። ባለሙያው የግጥሚያዎቹን ዝርዝር ከላይ ወደ ታች ያነባል፣ እርግጠኛ ዘመዶቹ የት ላይ እንደሚያበቁ፣ ባዕዱ የት ላይ እንደሚጀምር ያያል፣ ከዚያ መስመሩን ያሰምራል። ይህ ጂኤ ይባላል። አጠገቡ ሁለት ቁጥሮች አብረው ይቀመጣሉ፦ ከገቡት ሁሉ ዝቅተኛው ስኮርና ካልገቡት ሁሉ ከፍተኛው ስኮር።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በጣም ነው የምወዳቸው። በመካከላቸው ሰፊ ክፍተት ካለ ቤተሰቡ ከጎረቤቶቹ ጥርት ብሎ የተለየ ነው። ክፍተቱ ጠባብ ከሆነ ግን መስመሩ የተሰመረው ጥርጣሬ ባለበት ቦታ ላይ ነው፤ እዚያ አካባቢ ያሉትን ፕሮቲኖች በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ሶፍትዌር የስኮሮቹን ስርጭት በቀላል ሂስቶግራም አሳይቶ ገደቡን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ቢያመለክት፣ ለእኔ ከብዙ የተንቆጠቆጡ ስዕሎች ይበልጣል። በሃመር ራሳችሁ ስትፈትሹም ከት-ጂኤ (--cut_ga) የሚለውን አማራጭ ተጠቀሙ። ያኔ በሞዴሉ ፋይል ውስጥ ያለው የባለሙያው ገደብ ይሠራል። ካላዘዛችሁት ፕሮግራሙ ኢ-ቫልዩው እስከ 10 የሆነውን ሁሉ ያሳያችኋል፤ ያ ለማየት ያህል ነው እንጂ ለመወሰን አይሆንም።

ወደ ስዕሉ እንምጣ። ብዙ ሰው ስዕል የሚፈልገው ለጽሑፍና ለስላይድ ነው። የመጀመሪያ ጥቅሙ ግን ስሕተት ማግኘት ይመስለኛል። አላይንመንትን በቀለም ከፍታችሁ ስታዩ፣ አንድ መስመር ብቻ መሃል ላይ ቀለሙ ተዘበራርቆ ካገኛችሁ፣ እዚያ ላይ አንድ ነገር አለ። ምናልባት የጂን ትንበያው ተሳስቶ ኢንትሮን (ፕሮቲን ውስጥ የማይገባው የጂን ክፍል) እንደ ኤክሶን (እንደሚገባው ክፍል) ተነቧል። ምናልባት ቅደም ተከተሉ ቁራጭ ነው። ምናልባት ደግሞ ጨርሶ ዘመድ አይደለም። ይህን በቁጥር ሰንጠረዥ ለማግኘት ጊዜ ይወስዳል፤ ዓይን ግን ወዲያው ይይዘዋል።

ለዚህ ሥራ እኔ ጃልቪውን ነው የምጠቀመው። ሚሼል ክላምፕ በ1996 የጀመረችው ነው፤ ዛሬ በዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ይለማል፤ ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ከሁሉ በላይ የሚመቸኝ ነገሮችን ማያያዙ ነው። አላይንመንቱ ላይ አንድ ፊደል ስትነኩ የሦስት አቅጣጫው ቅርጽ ላይ ያው አሚኖ አሲድ ይበራል። የዝምድና ዛፍ ሠርታችሁ ዛፉን አንድ ቦታ ላይ ስትቆርጡት አላይንመንቱ በየቅርንጫፉ ይቀለማል። በጣም የሚመሳሰሉትን ለማስወገድ ደግሞ መቶኛውን እየጎተታችሁ የቱ እንደሚወጣ ሳይወጣ በፊት ታያላችሁ። ለሲድ ዝግጅት ይሄ ወርቅ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ባክቴሪያ ስለተወደደ ብቻ የእሱ መቶ ቅጂ ሲዱን እንዲሞላው አንፈልግም። ቤልቪው የሚባለው የሶንሃመር መሣሪያም አለ፤ መልኩ ያረጀ ነው፣ ግን ለትልልቅ አላይንመንት ፈጣን ነው።

ስለ ቀለም አንድ ነገር። ብዙ መሣሪያዎች ላይ ያለው የክላስታል ኤክስ ቀለም ሁሉንም ፊደል እንዲሁ አይቀባም። ዓምዱ ውስጥ በቂ ስምምነት ሲኖር ብቻ ነው የሚቀባው። ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታም ራሱ መረጃ ነው ማለት ነው። ይህን ሳያውቁ «እዚህ ጋ ቀለሙ ጠፋ፣ ተበላሽቷል» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ቀይና አረንጓዴን መለየት ለሚቸግራቸው ግን ይህ አቀባብ ምቹ አይደለም። ሌሎች አማራጮች አሉ፤ መሣሪያ የምትሠሩ ሰዎች እባካችሁ አማራጩን ምናሌ ውስጥ አትደብቁት።

ግሎቢኖቹ ላይ ይህን ሁሉ ማየት ይቻላል። አላይንመንቱን ስትከፍቱ ሂስቲዲን የሚባለው አሚኖ አሲድ የያዘው አንድ ዓምድ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሄምን፣ ማለትም ኦክስጅን የሚያርፍበትን ብረት ያለበት ሞለኪውል፣ የሚይዘው እሱ ነው። ከሄሙ ማዶ ደግሞ ሌላ ሂስቲዲን አለ፤ እሱም በብዙዎቹ ላይ አለ፣ በሁሉም ላይ ግን የለም። የዝሆን ማዮግሎቢን እዚያ ቦታ ላይ ግሉታሚን ነው ያለው። ከዓምዱ የወጣ ፊደል ስላያችሁ ብቻ ስሕተት ነው ብላችሁ እንዳትሰርዙ፤ ተፈጥሮም ታደርገዋለች። እዚህ ላይ ነው የሰው ዳኝነት የሚያስፈልገው።

የቅደም ተከተል ሎጎም ጥሩ ነው። በ1990 ሽናይደርና ስቲቨንስ ያመጡት ሐሳብ ነው፦ በየዓምዱ ፊደላቱን ደርቡ፣ ሳይለወጥ የቆየው ዓምድ ይርዘም፣ የተለዋወጠው ይጠር። ለፕሮቲን ትልቁ ቁመት 4.32 ቢት ገደማ ነው፣ የ20 ሎጋሪዝም በ2 መሠረት። ስካይላይን (Skylign) የሚባለው መሣሪያ በዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር ጨመረ፤ ከእያንዳንዱ ዓምድ ሥር ስንት ቅደም ተከተል እዚያ ቦታ ላይ ፊደል እንዳለው፣ ጭማሪ የመግባት ዕድሉ ስንት እንደሆነ፣ ጭማሪው በአማካይ ምን ያህል እንደሚረዝም ያሳያል። ተራ ሎጎ ይሄን አያሳይም። ከጥቂት ቅደም ተከተሎች የተሠራ ረጅም ፊደል ደግሞ በቀላሉ ያታልላል።

ዛፍና ኔትወርክ ላይ አጭር ልሁን። ለዛፍ አይቶል የሚባለው መሣሪያ ይበቃል፤ ቅርንጫፉ ጎን የየፕሮቲኑን ዶሜይኖች (ለብቻቸው የሚታጠፉ የፕሮቲን ክፍሎች) መደርደር ይቻላል፣ ውጤቱም ንጹሕ ነው። የተመሳሳይነት ኔትወርኮች (የሚመሳሰሉ ፕሮቲኖች በመስመር የሚያያዙባቸው ስዕሎች) ላይ ግን ጥንቃቄ እመክራለሁ። በሳይቶስኬፕ ስትከፍቷቸው የሚታዩት ክምችቶች የመጡት ከመረጣችሁት ገደብ ነው። ገደቡን ትንሽ ስታላሉት አንድ ይሆናሉ፣ ስታጠብቁት ይበታተናሉ። አንድ ስዕል ብቻ ማሳየት አይበቃም፤ ቢያንስ በሦስት ገደብ አሳዩ።

የአልፋፎልድ ዳታቤዝ በ2021 ከተከፈተና በ2022 ከ200 ሚሊዮን በላይ የቅርጽ ትንበያዎችን ከያዘ በኋላ የዶሜይን ድንበር ማበጀት ተለውጧል። ድሮ ድንበሩን የምንገምተው አላይንመንቱ መበታተን የሚጀምርበትን ቦታ አይተን ነው። አሁን ቅርጹን ከፍቶ ዶሜይኑ የት ላይ እንደሚዘጋ ማየት ይቻላል። ጥቁር ሰማያዊው ክፍል ትንበያው በጣም የሚተማመንበት ነው፣ ብርቱካናማው ደግሞ እምነቱ ከመቶ ከ50 በታች የሆነበት። ሲዳችሁ ብርቱካናማውን ጭራ ይዞ የሚሄድ ከሆነ መቁረጫው ቦታ ምናልባት ሌላ ነው። ብዙ የቆዩ ቤተሰቦች በዚህ መንገድ እንደገና ቢታዩ ጥሩ ነው።

አሁን ደግሞ ማንም ፎቶ የማያነሳው ክፍል፦ ፋይሉ።

የፒፋም ዳታ በስቶክሆልም ፎርማት ይቀመጣል። ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። አላይንመንቱ ብቻ አይደለም ያለው፤ በሃሽና በእኩል ምልክት በሚጀምሩ መስመሮች ላይ ማን እንደሠራው፣ ሲዱ ከየት እንደመጣ፣ ሞዴሉ በየትኛው ትእዛዝ እንደተሠራ፣ ገደቡ ስንት እንደሆነ፣ ማጣቀሻው፣ አስተያየቱ ሁሉ ይጻፋል። መጨረሻው ሁለት ስላሽ (//) ነው። ውሳኔው ከዳታው ጋር በአንድ ፋይል ይጓዛል። ጽሑፍ ስለሆነም ጊት ውስጥ አስገብታችሁ ዛሬና አምና ምን እንደተለወጠ መስመር በመስመር ማወዳደር ትችላላችሁ። ስምና ፊደላትን ብቻ የሚይዘው ፋስታ ፎርማት ይህ ሁሉ የለውም። የራሳችሁን ቤተሰቦች የምትይዙ ከሆነ፣ አሥርም ይሁኑ ሺህ፣ እባካችሁ በስቶክሆልም ያዟቸው። ኤክሴል ላይ አታስቀምጡ። ኤክሴል ሴፕት1 እና ማርች1 የሚባሉትን የሰው ጂኖች ቀን እየመሰሉት ሲቀይራቸው ስለኖረ፣ የጂን ስም የሚያወጣው ኮሚቴ በ2020 የጂኖቹን ስም እስከመለወጥ ደርሷል።

መለያ ቁጥርም ሌላ ጉዳይ ነው። የግሎቢን ቤተሰብ ፒኤፍ00042 ነው፤ ስሙ ቢለወጥ ቁጥሩ አይለወጥም። ይህ ለምን እንደሚጠቅም ከዱፎች ይታያል። ዱፍ ማለት ሥራው ያልታወቀ ዶሜይን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዱፍ1 እና ዱፍ2 ተብለው ነበር። በኋላ አንዱ ሳይክሊክ-ዲ-ጂኤምፒ የሚባለውን የባክቴሪያ መልእክተኛ ሞለኪውል የሚሠራ፣ ሌላው የሚያፈርሰው ሆኖ ተገኘ፤ ጂጂዲኢኤፍ እና ኢኤኤል ተባሉ። በስም ብቻ የተቀመጠ ዳታ እንዲህ ባለው ቀን ይሰበራል። በመለያ ቁጥር የተቀመጠው ምንም አይሆንም።

ቅደም ተከተሎቹም ራሳቸው ይጠፋሉ። ዩኒፕሮት በ2015 ተደጋጋሚ የሆኑ የባክቴሪያ ፕሮቲዮሞችን (የአንድ ፍጥረት ፕሮቲኖች ስብስቦችን) ሲያስወግድ ከ40 ሚሊዮን በላይ ቅደም ተከተሎች ወጥተዋል። የወጡት ሲድ ውስጥ ቢኖሩስ? ለእያንዳንዱ የሲድ መስመር መለያውን፣ ከየት እስከ የት እንደሆነና የቅደም ተከተሉን ቼክሰም (ፊደላቱ ሲለወጡ የሚለወጥ የመፈተሻ ኮድ) መያዝ ያስፈልጋል። አለበለዚያ መለያው ያው ሆኖ ፊደላቱ ሲስተካከሉ ቁጥሮቹ ወደ ሌላ ቦታ ይጠቁማሉ፣ ማንም አያውቅም። ጥሩ ሶፍትዌር ይህን ራሱ ይፈትሻል።

ፒፋም ከጥር 2023 ጀምሮ የራሱ ድረ ገጽ የለውም፤ ኢንተርፕሮ ውስጥ ነው የሚገኘው። የድሮውን ገጽ የምንወድ ብዙ ነን። ኢንተርፕሮ ግን ፒፋምን፣ ፓንተርን፣ ፕሮሳይትን፣ ስማርትን፣ ካዝ-ጂንስሪዲንና ሌሎችንም ጎን ለጎን ያሳያል፤ አንድ ፕሮቲን ላይ አምስት ዳታቤዝ ሲስማሙ ወይም ሲጣሉ በአንድ ገጽ ይታያል። ሲጣሉ ያለው ይበልጥ ያስተምራል። አንዱ ድንበሩን 20 አሚኖ አሲድ ቀድሞ ከጀመረ፣ ሄዳችሁ ሲዱን ክፈቱ፤ ሲዱ አሁንም እዚያው ገጽ ላይ አለ፣ ማውረድም ይቻላል።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ፣ በሁሉም መሣሪያዎች ላይ ማለት ይቻላል። ስዕሉን ወደ ውጭ ስታወጡት ውሳኔው ወደ ኋላ ይቀራል። የሚያምር የዶሜይን ስዕል ይወርድላችኋል፤ የየትኛው እትም እንደሆነ፣ በየትኛው ገደብ እንደተሠራ፣ የሞዴሉ ቅጂ ስንተኛ እንደሆነ ፋይሉ ውስጥ የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንን ስዕል የሚያይ ሰው፣ የሠራው ሰው ራሱም ቢሆን፣ መልሶ ሊሠራው አይችልም። እኔ በእጄ ከስዕሉ ሥር እጽፈዋለሁ፦ መለያውን ከነቅጂ ቁጥሩ፣ የፒፋም እትሙን፣ ገደቡን። ከሲዱ ያወጣኋቸውን ቅደም ተከተሎች ደግሞ በሌላ ፋይል እያንዳንዳቸውን ከነምክንያታቸው አስቀምጣለሁ፦ ቁራጭ ነው፣ የጂን ትንበያው የተሳሳተ ነው፣ ሁለት ፕሮቲኖች ተጣብቀው ነው፣ ስኮሩ ደርሷል ግን ሂስቲዲኑ የለም። የገቡትን ሁሉም ሶፍትዌር ይይዛል፤ ለወጡትና ለወጡበት ምክንያት የሚሆን ሣጥን ግን በተጠቀምኩባቸው ላይ አላገኘሁም። እንዲህ ያለ ነገር እየሠራ ያለ ወይም መሥራት የሚፈልግ ሰው ካለ ይጻፍልኝ፤ ያለኝን የወጡ ቅደም ተከተሎች ዝርዝር ለሙከራ እሰጣለሁ።